የአብራሪነት ፈተናዬን ቀን እንዴት እንደያዝኩ፣ ገንዘቡንስ እንዴት እንደቻልኩት

አሜሪካ ውስጥ ለግል አብራሪነት ፈቃድ የሚማር ሰው ጭንቀቱ ሁሉ በረራው ላይ ነው። በደንብ አሳርፍ ይሆን፣ ነፋሱን እችለው ይሆን እያለ ያድራል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ማናሳስ አውሮፕላን ማረፊያ ተምሬ ፈቃዴን ካወጣሁ ወዲህ ምክር ለሚጠይቁኝ ሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ግን የፈተናውን ቀን ነው። ኪስ የሚያራቁተው ተዘጋጅቶ የመጠበቅ ጊዜ ነውና።

ፈተናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሠራተኞች ሳይሆኑ አስተዳደሩ የወከላቸው ፈታኞች ናቸው። ዋጋውን የሚተምኑት ራሳቸው ናቸው፤ መንግሥት ጣሪያ አላበጀለትም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከፈተነ ክፍያ የለም፣ ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕድል ብርቅ ነው። የእኔ ፈታኝ 900 ዶላር ጠየቁ፤ የአውሮፕላኑ ኪራይ ለብቻው ነው።

የምከራያት ሴስና 172 የምትባል አነስተኛ አውሮፕላን ነዳጇን ጨምሮ በሰዓት 185 ዶላር፣ አሰልጣኜ ደግሞ 75 ዶላር ነበሩ። ሕጉ ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ከአሰልጣኝ ጋር ቢያንስ ሦስት ሰዓት ለፈተናው መለማመድን ያስገድዳል። ቀጠሮው ከራቀ ያ ሦስት ሰዓት ይቃጠላል፤ እንደገና መብረር፣ እንደገና መክፈል ይመጣል። ሕጉ ባያስገድድም እጅ ይዶለዱማል። በሳምንት አንዴ ለሰዓት ተኩል ከአሰልጣኝ ጋር መውጣት 390 ዶላር ነው። ስድስት ሳምንት መጠበቅ 2,340 ዶላር ይሆናል፤ ከፈታኙ ክፍያ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ በወረቀት ላይ ያስቀመጥኩ ዕለት ዕቅዴን ሁሉ ከቀኑ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ።

ብቻዬን የምበረውን ረጅሙን ጉዞ፣ ማለትም በሦስት ቦታ የሚታረፍበትን የ150 ኖቲካል ማይል በረራ እንደጨረስኩ፣ ሳልውል ሳላድር ቀጠሮ መጠየቅ ያዝኩ። ገና የሚቀረኝ ትምህርት ነበር፤ ግን የፈታኞቹ ወረፋ ከእኔ ዝግጅት ይረዝማል። በፈረንጆቹ 2018 ፈታኞችን በየወረዳቸው የሚወስነው ገደብ ስለተነሳ፣ በአካባቢዬ ሳልወሰን እስከ ሸናንዶዋ ሸለቆ ድረስ ያሉትን ሁሉ ጠየቅሁ። በምን አውሮፕላን እንደምፈተን፣ ምን እንደሚቀረኝ፣ የትኞቹ ቀናት እንደሚመቹኝ፣ ሌላ ተፈታኝ ቢሰርዝ በአንድ ቀን ማስታወቂያ እንደምደርስ አስቀድሜ ጻፍኩላቸው። አየሩ ሲከፋ ቀጠሮ ይበተናል፣ ሲሻሻል ክፍት ቦታ ይገኛል፤ ያን ቦታ የሚያገኘው ማመልከቻውንና የጽሑፍ ፈተና ውጤቱን አሟልቶ የጠበቀ ሰው ነው። ገና ስቀጠር ከዋናው ቀን ሌላ ተጠባባቂ ቀን ጠየቅሁ። አየሩ ቢከለክለን ለሁለተኛው ምጽዓታቸው ይጨምሩብኝ እንደሆነ፣ ብወድቅ ድጋሚው ስንት እንደሆነም ያን ጊዜ ጠይቄ መልሱን በጽሑፍ ያዝኩ።

ቦታውም ገንዘብ ነው። ማናሳስ ዋሽንግተንን በከበበው ልዩ የበረራ ቀጣና ውስጥ ስለሆነ ለመነሳትም ለመመለስም ዕቅድ ማስመዝገብና ኮድ መቀበል ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ሞተር እየዞረ የሚያልቅ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈታኙ እኔ ዘንድ እንዲመጡ የጉዞ ከመክፈል፣ ከቀጣናው ውጭ ወዳለው ወደ ከልፔፐር አውሮፕላን ማረፊያ እኔው በርሬ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ገንዘቡን የቻልኩት በእቁብ ነው። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወጪዎች ተደራርበው ስለሚመጡ፣ ከደመወዝ ላይ እየቆነጠሩ መክፈል በረራን ያቆራርጣል፤ የተቋረጠ በረራ ደግሞ የሚታደሰው በገንዘብ ነው። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምንጥለውን እቁብ የሚመሩትን ዳኛ ጠራሁና፣ «እትዬ፣ ተራዬን ወደ መስከረም ቢያመጡልኝ? ጥቅምት ላይ ፈተና አለብኝ» አልኳቸው።

«የምን ፈተና?»

«የአውሮፕላን።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ። የፈቀደ ሰው ፈልጌ አለዋውጥሃለሁ፤ ግን ከወሰድክ በኋላ አንዲት ሳምንት እንዳታሳልፍ» አሉኝ። አላሳለፍኩም። ከገንዘቡ ለድጋሚ ፈተና የሚበቃውን ለይቼ ባንክ አስቀመጥኩ፤ አእምሮዬን ያሳረፈው ያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው ችላ የሚለው የአውሮፕላኑን መዝገብ ነው። ለማስተማሪያ የሚከራይ አውሮፕላን በየዓመቱም በየ100 ሰዓቱም ይመረመራል፤ ትራንስፖንደሩ (አውሮፕላኑን በራዳር ላይ የሚያስለየው መሣሪያ) በየ24 ወሩ፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው በየ12 ወሩ። ከእነዚህ አንዱ ካለፈበት ፈተናው ሳይጀመር ያበቃል። ከፈተናው ሳምንት በፊት የጥገና መዝገቦቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን ፊርማ ፈልጌ፣ በየገጹ ጫፍ ባለቀለም ወረቀት ለጠፍኩ። እስከ 100 ሰዓቱ ምርመራ ስንት ሰዓት እንደቀራትም ቆጠርኩ፤ እስከ ፈተናው ቀን ሌሎች ተማሪዎች ይበሩባታልና። ተመሳሳይ ሌላ አውሮፕላንም አስይዤ ነበር። ፈታኙ መዝገቡን በአውራ ጣታቸው እየገለበጡ ሁሉንም በጥቂት ደቂቃ ጨረሱ።

ከበረራው በፊት የሚሰጠው የቃል ፈተና እንዳበቃ ነፋሱ ተነሳ። የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ቀጥ ብሎ መንደርደሪያውን በአግድም ያመለክታል፤ የጎን ነፋሱ ለራሴ ካበጀሁት ወሰን አልፎ ነበር። ፈታኙ ውሳኔውን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔም አልበርም አልኩ። ይህ መውደቅ አይደለም። ፈታኙ ፈተናው መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣሉ፤ ያለፍከው ክፍል ለ60 ቀናት ተጠብቆ ይቆያል። በተጠባባቂው ቀን ተመልሼ በ45 ዲግሪ ያጋደለውን ዙር ከፍታዬን በ100 ጫማ ወሰን ውስጥ ጠብቄ ዞርኩ፤ በአጭር መንደርደሪያ የማረፉን ፈተናም ከተመረጠው ነጥብ አልፎ ባለው 200 ጫማ ውስጥ አርፌ ተወጣሁት። እነዚህን ልኮች አስቀድሞ በቃል ማወቅ ግድ ነው። በዚያው ዕለት ለ120 ቀናት የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጠኝ።

የአሜሪካ ዜግነት የሌላችሁ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁም ጭምር፣ ከትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የሥልጠና ይሁንታ ያስፈልጋችኋል። ለእሱ የምታመለክቱት ትምህርት ቤት ስትመርጡ፣ የመጀመሪያውን የበረራ ሰዓት ሳትከፍሉ ይሁን።