ካቢኔት ስር ያለውን ሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ ጣጣው ያለው ትራንስፎርመሩ ላይ ነው

የካቢኔት ስር መብራቶቹ ተቀይረው አለቁ። አምስት ባለ 20 ዋት ሃሎጅኖች ይወስዱት የነበረው 100 ዋት ወደ 10 ዋት ወርዷል፤ ብልጭ ድርግም ማለቱም ቆሟል።

አምፖል መምረጡ ብዙ አያለፋም። ትንንሾቹ ጂ4 ናቸው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል 4 ሚሊሜትር አለ። አንጸባራቂ ያለው ኤምአር16 ላይ ደግሞ 5.3 ሚሊሜትር ነው። የኤልኢዲው ጂ4 ከሃሎጅኑ ስለሚወፍር ክዳኑ አልገጥም እንዳይል የመብራቱን ውስጥ አስቀድሞ መለካት ነው፤ ለጠባቡ ጠፍጣፋው ክብ ዓይነት ይሻላል። ቀለሙ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን፣ ሲአርአዩ (የነገሮችን ቀለም በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 የማያንስ ይሁን። 6500 ኬልቪን፣ ያ ቀዝቃዛው ነጭ፣ ኩሽና ውስጥ ለምን እንደሚገባ አይገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አዲሱን አምፖል ሰክታችሁ ከተርገበገበ፣ ጭራሽ ካልበራ ወይም ትራንስፎርመሩ (የግድግዳውን ቮልት ወደ 12 የሚያወርደው) እንደ ንብ ከጮኸ አምፖሉን ለመመለስ አትቸኩሉ። የሃሎጅን ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ላይ «20–60 ዋት» ዓይነት ጽሑፍ አለ። ሁሉም የሚያየው 60ውን ነው፤ ችግሩ ያለው 20ው ላይ ነው። ሰርኪዩቱ ሥራውን የሚቀጥለው ወደ አምፖሎቹ በሚሄደው ከረንት ስለሆነ፣ 10 ዋት ብቻ ሲጫንበት ይነሳና ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። በዚያ ላይ የሚያወጣው በሰከንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዑደት ያለው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ነው። ተራ ማልቲሜትር ይህን በትክክል አያነብም፤ ስለዚህ «ቮልት የለውም» ብላችሁ አትፍረዱበት። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ውስጥ ያሉት ዳዮዶችም ለዚህ ፍጥነት ስላልተሠሩ ይግላሉ፤ ዕድሜያቸውም ያጥራል።

አንድ ሃሎጅን እዚያው ትታችሁ ጭነቱን አሟሉ የሚል ምክር አለ። ይሠራል፤ ግን ቁጠባው ገደል ገባ፣ ያ አንዱ ሃሎጅን የተቃጠለ ዕለት ደግሞ ሁሉም ይርገበገባል። ከባዱ የብረት ትራንስፎርመር ዝቅተኛ ጭነት አይጠይቅም። ሆኖም ጭነቱ ሲቀንስ ቮልቱ ከ12 በላይ ስለሚወጣ፣ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚችል አምፖል ይዛችሁ ካልሆነ አልመክርም።

መፍትሔው ባለ 12 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ከረንት)፣ ቮልቱ የማይለዋወጥ የኤልኢዲ ድራይቨር ነው፤ በትራንስፎርመሩ ቦታ የሚገባ። የአምፖሎቹን ዋት ደምራችሁ 20 በመቶ ጨምሩበት፤ ለ10 ዋት የ15 ዋቱ ይበቃል። ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ አሮጌውን ፍቱ። ፌዝና ኑል ወደ መግቢያው፣ የአምፖሎቹ ሽቦ ወደ መውጫው። መግቢያና መውጫውን ማቀያየር ድራይቨሩን ያፈነዳል። አምፖሉ «ኤሲ/ዲሲ» ከተባለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ አያሳስብም፤ «ዲሲ» ብቻ ከሆነ ግን ተገልብጦ ሲሰካ አይበራም። ድራይቨሩ ሙቀቱ የሚወጣበት ካቢኔት አናት ላይ ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ካለ ወይ አውጡት፣ ወይ በዲመር የሚሠራ ድራይቨር ግዙ፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ ብቻ ከተርገበገበ ድራይቨሩ ንጹሕ ነው፤ አምፖሉ የሚሰካበትን ፖርታላምፓዳ እዩ። የሃሎጅን ሙቀት ኮንታክቱን ያጠቁረዋል፣ ያላላዋልም። በመርፌ ማጥበቅ ለጊዜው ይይዛል፤ እኔ ግን ከነሽቦው አዲስ እቀይራለሁ።