ከሐዋሳ መደርደሪያ ወደ ሳነቴ፦ ሞቆ ብቻ የሚበላ ስንቅ

በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ ሰው ስንቁን ሐዋሳ ላይ ቢይዝ ይሻለዋል። ከዚያ ወዲያ ባሉት ከተሞች ሱቅ አይጠፋም፤ አማርጠው የሚገዙበት መደርደሪያ ግን እየሳሳ ይሄዳል። እኔና አጎቴም ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን የያዝነው ለዚሁ ነው። የባሌ ተራሮች ከፍተኛ አምባ በሆነው ሳነቴ ላይ እንጨት ሳናነድ ትኩስ ምግብ መብላት ፈልገናል። እዚያ አካባቢ ለማገዶ እጅ የሚገባው አስታ ነው፤ አስታ ደግሞ ቶሎ አይተካም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከልቤ ነው የተደሰትኩት፤ እራቴን ለማሞቅ ብዬ ዛፉን መስበር አልፈልግም።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በውትድርና የጨረሱ ሰው ናቸው። የስንቅ ነገር ከተነሳ ወሬያቸው አያልቅም፦ ጥርስ የሚፈትነው ኮቾሮ፣ በኮዳ ውሃ የሚበጠበጠው በሶ፣ አልፎ አልፎ የሚደርሳቸው የቆርቆሮ ስጋ። «ስጋውን በብርድ እንዳለ ነበር የምንበላው» አሉኝ መንገድ ላይ። «ቅባቱ ላንቃ ላይ ይጋገራል። ትንሽ ቢሞቅ ኖሮ ሌላ ምግብ ነበር።»

እኔ ደግሞ ከቆየ ጀምሮ የምከታተለው የአሜሪካ ጦር «ኤም አር ኢ» የሚለውን እሽግ ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ የድሮውን የቆርቆሮ ስንቅ የተካው እሱ ነው። አንዱ እሽግ የአንድ ጊዜ ምግብ ነው፤ በአማካይ 1,250 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በውስጡ ዋናው ወጥ በፎይል ከረጢት፣ ብስኩት፣ የሚቀባ ነገር፣ ጣፋጭ፣ የሚበጠበጥ መጠጥና የራሱ ማሞቂያ አለ። ሐዋሳ ሱፐርማርኬት ገብቶ ይህን መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። በየመደርደሪያው ተበታትነው የተቀመጡትን ክፍሎቹን መሰብሰብ ግን ይቻላል፤ እኛም የወጣነው እነሱን ልንለቅም ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ ልናገር። ነገሩ ሁሉ ከፍታው ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 4,000 ሜትር በሆነው ሳነቴ ግን 86 ወይም 87 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ያህል ብታነድ ሙቀቱ አይጨምርም። ደረቅ ባቄላ ወይም ቦሎቄ እዚያ ለማብሰል የሚነሳ ሰው ጋዙን ጨርሶ ጥሬ ይበላል። በቆርቆሮና በከረጢት የሚመጣው ምግብ ግን ከታሸገ በኋላ በግፊት ውስጥ 121 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ሞቆ፣ በስሎም ተህዋሲያኑ ሞተውም ያለቀ ነው። ከአንተ የሚፈልገው 65 ወይም 70 ዲግሪ ማድረስ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ሳነቴም ላይ ውሃው አያንስም።

የመጀመሪያው ሱፐርማርኬት ስንገባ አንዲት ልጅ አጎቴን ቀድማ ተቀበለቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?»

«የኔ ልጅ፣ የበሰለ ወጥ በላስቲክ የታሸገ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያሞቁት፣ አላችሁ?»

«ኢንዶሚ ነው የፈለጉት?»

«ኢንዶሚስ አውቀዋለሁ። ወጥ ነው የምልሽ።»

እሷ አልነበራትም፤ ግን የት ልናገኝ እንደምንችል ነገረችን፣ በባጃጅ ሄድን። ሁለተኛው ቤት ከቅመማ ቅመሙ ሥር፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታየው መደርደሪያ ላይ የህንድ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ሠራተኛው ማንም ስለማይጠይቃቸው ታች እንደወረዱ ነገረን። እኔ ግን ዓይኔ በራ። እነዚህ ከረጢቶች ከወታደር ስንቅ ጋር ዝምድና አላቸው፦ ማይሶር ያለው የህንድ መከላከያ የምግብ ምርምር ላቦራቶሪ ለሠራዊቱ ብሎ ያዳበረው አሠራር ወደ ግል ፋብሪካዎች ተላልፎ ነው በካርቶን ለገበያ የወጣው። ለነገሩ የታሸገ ምግብ ከጥንቱም መነሻው ጦር ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በሙቀት የማቆየት ዘዴውን በ1810 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ ከመንግሥቱ የተቀበለው 12,000 ፍራንክ ለሠራዊት ስንቅ ከማሰብ የመጣ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ተራራ ላይ ስለምንውል፣ አጎቴም ጾም ስለማይሽሩ፣ የካርቶኑን ጀርባ መነጽር አድርገን አንድ በአንድ አነበብን። ዳል ማክኒ የሚባለው ምስር ነገር ቅቤና ክሬም ስላለበት ለፍስክ ቀን ተያዘ። ቻና ማሳላው ሽምብራ ነው፤ ያገኘነው ዓይነት በዘይት ብቻ የተሠራ በመሆኑ የጾሙን ቀን ሞላልን። ይህ ማንበብ ሊታለፍ አይገባም፤ አትክልት የሚመስለው ሁሉ የጾም አይደለም፣ የወተት ዱቄት በማይጠበቅበት ቦታ ይገባል። የቆርቆሮ ስጋ ለሚገዛ ሙስሊም ጓደኛም ሐላል የሚለውን ምልክት መፈለጉ እንዲሁ ነው።

ቀኑን ማየት ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ታሽገው የሚመጡት የውጭ ምግቦች የሚጻፍባቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ ዘመን ለለመደ ዓይን ያለፈበት ዕቃ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል። የወሩና የቀኑም ቅደም ተከተል እንደየአገሩ ይለያያል። አጎቴ ከቀኑ ይልቅ ጣሳውን ራሱን ያምናሉ። አንዱን የባቄላ ጣሳ አንስተው በአውራ ጣታቸው ክዳኑን ጫን አደረጉት፤ ረግቶ ቆመ። ቀጥለው ጣታቸውን በአፉ ዙሪያ፣ ክዳኑ ከጎኑ ጋር በተጣጠፈበት ጠርዝ ላይ አዞሩት። «ሆዱ የተነፋውን ጣለው፣ ጠርዙ ላይ የተጨረመተውንም ጣለው። መሃሉ ትንሽ ቢሰረጉድ ግድ የለም» አሉ። ልክ ናቸው። ጣሳን የሚነፋው ብዙ ጊዜ ውስጡ ያልሞተ ተህዋስ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት፣ አሲድ ባነሰበት ምግብ ውስጥ ነው የሚራባው፤ ባቄላ፣ ስጋና ዓሣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከረጢትም ሲነፋ እንደዚያው ነው። ቀምሼ ልወስን የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም።

የቀረውን በፍጥነት ጨረስን። ቱና፣ ባቄላ በቲማቲም፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ብስኩት፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ቡና። ገበያ ወርደን ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጨመርን። ድርቆሹን ሳናገኝ ብንቀር ጉዞውን አንድ ቀን አስተላልፍ ነበር። ከከረጢት ወጥ ጋር የሚሄድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ መረቁን ሲጠጣ ከወጡ ጋር አንድ ይሆናል። የአሜሪካኑ እሽግ ውስጥ ያለው ብስኩት ከድርቆሽ ጋር ቢወዳደር እኔ ለድርቆሽ እፈርዳለሁ።

አመሻሹ ላይ የማሞቁን ነገር በፔንሲዮኑ በረንዳ ላይ ሞከርነው። ባለቤቷ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍላችን ልታስገባልን ነበር፤ አጎቴ «የለም እመቤት፣ እዚሁ ውጭ ይሁንልን» ብለው መለሷት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ እየለቀቀ ተኝተህ እንዳለህ ይገድልሃል፤ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከሰሉን ትተን ትንሿን የጋዝ ምድጃችንን ለኮስን።

ከረጢቱን ከካርቶኑ አውጥተን አጠብነው፤ ከዚያ ድስቱ ሥር ሹካ አጋድመን ውሃ ሞላንበት። ሹካው አስፈላጊ ነው። ከረጢቱ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውጭ ፖሊስተር፣ መሃል ላይ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ፖሊፕሮፒሊን። የፈላ ውሃ ምንም አያደርገውም፤ እሳት የሚመታው ደረቅ የድስት መቀመጫ ግን ፕላስቲኩን ሊያሳርረው ይችላል። አሉሚኒየም ስላለበት ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም። ውሃው ሲፈላ ከረጢቱ ተነከረ። መጀመሪያ ጎኑ ላይ ጥቃቅን አረፋ ለጠፈ፣ ቀጥሎ ማዕዘኖቹ ቀና ቀና አሉ። አጎቴ በማንኪያ እያገላበጡ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ሲወጣ በፎጣ ይዤ እንደ ሊጥ አሸሁት፤ ዘይቱና ቅመሙ አንድ ጎን ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ ሳይታሽ ከተከፈተ ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ ዘይት ይሆናል። ጫፉን በመቀስ ስቆርጠው የከሙኑ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ፊቴን መታው። ድርቆሹ ላይ ገለበጥኩት፣ ሳህን ከደንኩበት። ድስቱ ውስጥ በቀረው ውሃ ሻይ አፈላን፤ ከረጢቱን አስቀድመን ያጠብነው ለዚህ ነው። ተራራ ላይ ውሃም ጋዝም ተቆጥረው ነው የሚወጡት።

ጣሳውን በሌላ መንገድ ነው የምናሞቀው። ሳይከፈት እሳት ላይ የተቀመጠ ጣሳ ይፈነዳል፤ የፈላ ወጥ ፊት ላይ ሲረጭ የሚያደርሰውን ጉዳት መናገር አያስፈልግም። ክዳኑን ከፍተን፣ አናቱ ላይ ፎይል ጣል አድርገን፣ ግማሹ ድረስ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቆምነው። ባቄላው ከከረጢቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ጣሳ ወፍራምና ክብ ስለሆነ ሙቀቱ መሃሉ እስኪደርስ ይዘገያል። ከረጢት ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥም ሆነ ድስት ውስጥ ቶሎ ይሞቃል።

አጎቴ ስለ ወታደሩ ማሞቂያ ደጋግመው ጠየቁኝ። የማግኒዥየምና የብረት ዱቄት ጨው ተጨምሮበት በትንሽ ፓድ ተዘጋጅቷል፤ ጥቂት ውሃ ሲያገኝ ማግኒዥየሙ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ሙቀት ይሰጣል፣ ሃይድሮጅንም ይለቃል። 227 ግራም ያህል ምግብ በ12 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በ56 ዲግሪ ከፍ እንዲያደርግ የታሰበ ነው። ሃይድሮጅን የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ እሳት አጠገብና በታፈነ ቦታ አይጠቀሙበትም። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይሞቃልና በእሱ እንሞክር የሚል ሐሳብ መጥቶላቸው ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። የሙቀቱ ልክ አይታወቅም፣ ትንኝ የምታህል ብናኝ ዓይን ብትገባ ታቃጥላለች፣ ሐኪም ቤት ከሩቅ በሆነበት ቦታ ለእራት ተብሎ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ለእኔ የማሞቂያውን ቦታ የሚተካው አፈ ሰፊ ፔርሙስ ነው። ከረጢቱን ጠቅልሎ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ያለበት ፔርሙስ ውስጥ መክተትና ከድኖ መራመድ ነው። ስሌቱ ይሠራል፦ በ86 ዲግሪ የፈላ አንድ ሊትር ውሃ፣ ብርድ ላይ ያደረ 300 ግራም ከረጢት ቢጨመርበት፣ ሁለቱ ተካፍለው ከ65 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ይገናኛሉ። በረንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ጠብቀን ስናወጣው በባዶ እጅ ለመያዝ አስቸገረን። ነፋስ ምድጃ በማያስለኩስበት ሰዓት፣ ጠዋት ድንኳን ከመነቀሉ በፊት የተሞላ ፔርሙስ ምሳውን ይዞ ይሄዳል።

አጎቴ ድርቆሹን በጉርሻ ካጎረሱኝ በኋላ ዝም ብለው በሉ። በርበሬው እንዳነሰ ተናገሩ፤ እኔም ጨው በዝቶበታል ብያለሁ። ግን ሞቆ ስለተበላ ቅባቱ ላንቃ ላይ አልተጋገረም።

ማታውን ስንቁን በምግብ ሰዓት እየከፋፈልን በላስቲክ ቋጠርን። አንዱ ቋጠሮ አንድ ከረጢት ወጥ፣ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ፣ ብስኩት ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስኳርና ሻይ፣ ትንሽ በርበሬ ይዟል። ከረጢቱ ብቻውን የወታደሩን 1,250 አይሞላም፤ የሚሞላው ኦቾሎኒው ነው፣ 100 ግራሙ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ጾም ቀን የሚበሉት ቋጠሮዎች አፋቸው በቀይ ክር ታስሯል። ጣሳዎቹን ከባድ ስለሆኑ ለመጀመሪያው ቀን መደብናቸው፤ ከረጢቶቹ ወደ ላይ ይቀጥላሉ። ከመኪናው መስታወት ሥር ምንም እንዳይቀመጥ ደግሞ ተነጋገርን፦ ኤም አር ኢ እንኳ በ27 ዲግሪ ከ3 ዓመት በላይ እንዲቆይ ተደርጎ ተሠርቶ፣ 38 ዲግሪ ላይ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ይወርዳል። አንድ ባዶ ማዳበሪያም ጨምረናል፤ የተበላበት ጣሳና ከረጢት ሁሉ በእሱ ታስሮ ከተራራው አብሮን ይወርዳል።