ቀይዋ አዛሊያዬ በሦስተኛ ዓመቷ

አዛሊያ የምትባለው የአበባ ቁጥቋጦዬ ዘንድሮ አበበች! ከግራ ጎኗ በቀር ቅጠሏ እስከማይታይ ድረስ ቀይ ለብሳለች። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። የደረሰብኝን የሚረዳኝ አትክልት የሚወድ ሰው ስለሆነ ለእናንተ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አተካከሉ ብዙ አላስቸገረኝም። የጠዋት ፀሐይ አግኝታ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍባት ቦታ መረጥኩ። ሥሯ ቀጭንና ላይ ላዩን የሚሄድ ስለሆነ በጥልቀት አልቀበርኳትም። ቅጠሏም አበባዋም መርዛማ ስለሆነ ከልጆች ራቅ አደረግኳት። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት አበባ ሰጠችኝ።

መከራው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ጅማቶቻቸው አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተው መሃሉ ብቻ ገረጣ። ርቧት ነው ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰባት። ደግሜ ጨመርኩ። የቅጠሎቿ ጫፍ አርሮ ቡናማ ሆነ። ያኔ እጄን ሰበሰብኩ።

ነገሩ ረሃብ አልነበረም። አዛሊያ የምትወደው አሲዳማ አፈር ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 6 ቢሆን ይስማማታል። ከዚያ ከፍ ሲል ብረት አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሯ ሊወስደው ያቅተዋል። ብረት ደግሞ ካረጀው ቅጠል ወደ ለጋው በቀላሉ አይዘዋወርም። ለዚህ ነው ለጋው ቀድሞ የሚገረጣው። ስተክላት 5.5 የነበረው አፈር ያኔ ስለካው 6.8 ደርሶ ነበር። ምን ቀየረው? ውሃው! ውሃ ማፍያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር በየቀኑ አይ ነበር። ካልሲየም ነው፣ የኖራ ዘር። ዓመቱን ሙሉ እሱን ሳጠጣት ከርሜያለሁ።

የዝናብ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ጀመርኩ። የድኝ ዱቄትም በልኩ ነሰነስኩ። ድኝ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ እስኪለውጡት ወራት ይፈጅበታል። እስከዚያ ማቆያ ኬሌት የሚባለውን፣ ሥሯ በቀላሉ የሚወስደውን የብረት ዓይነት በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የቡና አተላ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል የምትሉኝን አልስማማም። ቡናው ሲፈላ አብዛኛው አሲድ አብሮ ወጥቷል። ኮምጣጤም የጥቂት ቀን ነገር ነው። ሃይድራንጃ ለሚባለው አበባ የሚነሰነሰውን አሉሚኒየም ሰልፌት ደግሞ ለአዛሊያ ፈጽሞ አትስጡ፤ አሉሚኒየሙ ሲበዛ ሥሯን ይጎዳል። አፈር ላይ የሚሰካው ርካሽ መለኪያ እኔን ሁለቴ አሳስቶኛል። በጠብታ ተበጥብጦ በቀለም የሚያሳየውን ግዙ። ሳትለኩ ምንም አትጨምሩ።

የግራ ጎኗ ነገር የእኔ ጥፋት ነው። አዛሊያ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ የምትቋጥረው አበባዋ ከረገፈ በኋላ ባሉት ወራት ነው። እኔ ግን ቅርጿ አላማረኝም ብዬ በጣም ዘግይቼ ገረዝኳት። ከነእምቡጡ ቆረጥኩት። አሁን በዚያ በኩል ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ሳየው ይቆጨኛል።

ዘንድሮ መቀሱን ስዬ አስቀምጫለሁ። የመጨረሻዎቹ አበቦች እስኪረግፉ እየጠበቅኩ ነው።