የአባቴ ስም ቀድሞኝ ሉዊቪል ገብቷል

ደሴ ሆጤ ሰፈር ያደገ የአሊ ልጅ ኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ይጠብቀዋል። አውሮፕላን ማረፊያው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚጠራው በመሐመድ አሊ ስም ነው። መሐል ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ጎዳና የእርሱ ነው፣ ከወንዙ ዳር ያለው ሙዚየምም የእርሱ ነው። ቦክሰኛው እ.ኤ.አ. በ1942 የተወለደው እዚሁ ስለሆነ ይገባዋል። መታወቂያዬን ያየ ሰው ሁሉ ግን "ዘመዱ ነህ?" ይልና ሁለት እጁን ጨብጦ ወደ አገጩ ያነሳል። እኔም እስቃለሁ። እዚህ አገር ጉዳይ የሚያልቀው ከሳቁ በኋላ ነው።

አሊ ለቦክሰኛውም ቢሆን የአባቱ ስም አልነበረም። እርሱም አባቱም ካሲየስ ክሌይ ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ካሲየስ ክሌይ የዚሁ የኬንታኪ ሰው፣ ነጭ ሆኖ ባርነትን የታገለ ፖለቲከኛ ነበር፤ ስሙ የወጣው በእርሱ መታሰቢያ ነው። ቦክሰኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1964 "የባርነት ስም ነው" ብሎ ጣለውና መሐመድ አሊ ተባለ።

የወሎ ልጅ ይህን ሲሰማ የእኛው መሐመድ አሊ ትዝ ሳይሉት አይቀርም። የኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሲያደርጉ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። የሉዊቪሉ ወዶ የያዘውን ስም የወሎው ተገደው ለቀቁት።

እንግዲህ የአሜሪካን ቅጽ ይዛችሁ ወደ ንጉሥ ሚካኤል ቤት ግቡ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ወይዘሮ ስሂን የንጉሡ ልጅ ናቸው፤ ስሂን ሚካኤል። የወይዘሮ ስሂን ልጅ እቴጌ መነን ደግሞ በአባታቸው በአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው መነን አስፋው ናቸው። አያት አሊ፣ እናት ሚካኤል፣ ልጅ አስፋው! ፎርም የሚያስሞላ ጸሐፊ ሦስቱን "ዝምድናችሁን በሰነድ አረጋግጡ" ብሎ ይመልሳቸው ነበር። የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር ወሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮማ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱም ኢያሱ አሊ ሊባል ነው። በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ያወረዱት መኳንንት ሰልሟል ብለው ለመክሰስ ምን ያህል በቀለላቸው!

ወደ እኔ ልመለስ። የእኔን ስም ያወጣችው እናቴ ናት፤ የክርስቲያን ስም ነው። አባቴ አሊ ናቸው። ደሴ ላይ ይህንን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ በአንድ ግቢ ፋሲካም ዒድም የሚበላበት ከተማ ነው። እዚህ ግን ቤተ ክርስቲያን ስም ሲመዘገብ መዝጋቢው ብዕሩን አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝ። ክሊኒክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ "ሚስተር አሊ" ስትል እኔ፣ ከዘራ የያዙ የሶማሌ ሽማግሌና አንድ ኢራቃዊ ጎልማሳ እኩል ብድግ አልን። ነርሷ ወረቀቷን አየች፣ እኛን አየች፣ ወረቀቷን ደግማ አየች። ሽማግሌው በሰላምታ ጀምረው ስለ አገሬና ስለ ዘመዶቼ ጠየቁኝ፤ እስኪጠሩ ድረስ የአጎት ያህል ሲያጫውቱኝ ቆዩ። ባዕዱ ሁሉ ዘመድ የሆነልኝ በዚህ ስም ነው፤ አልክድም።

ችግሩ ዘመዱ ባዕድ ሲሆን ነው። ባለቤቴ የምትጠራው በራሷ አባት ስም ነው፤ የእኛ ሴት አገባች ተብሎ ከአባቷ ስም አትነቀልም። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስታችንን የሚያገናኝ ስም ጠፋ። መዝጋቢዋ ጣቷን ቅጹ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችን፤ እኛም ደክሞን ስለነበር አሊ አልናት። ልጁ በአያቱ ስም ተመዘገበ።

ማታ በቪዲዮ ደሴ ደወልን። እናቴ የልጁን ሙሉ ስም ሰምታ ዝም አለች፤ ከዚያ "አንተስ የት ሄድክ ልጄ? ይህ ልጅ አባት የለውም ሊሉት ነው?" አለችኝ። ነገሩን በሕግ፣ በመዝገብ፣ በአገሩ ልማድ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ለእርሷ ግን ልጅ በአባቱ ነው የሚጠራው፣ አለቀ። አባቴ ግን ከጎኗ ሆነው ይስቁ ነበር። ቀደም ብሎ ሊጠይቁን ሲነሡ ቪዛ ተከልክለዋል። "አብሽሪ፣ እኔን ቢከለክሉኝ ስሜን አስገቡት" አሏት።

በቦክሰኛው ቤት የእኛ ነገር አልደረሰም። ሴት ልጁም ቦክሰኛ ነበረች፤ ዓለም የሚያውቃት ለይላ አሊ ብሎ ነው። ደሴ ብትወለድ ለይላ መሐመድ ነበረች፤ አሊ ሦስተኛ ላይ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬት በቀር የሚጠራው አያገኝም። አሊ አባቷ ያን ያህል ደክሞ ያገኘው ስም ነውና ለልጆቹ ቢያወርሰው ግን አልፈርድበትም።

ሁለተኛዋ ስትወለድ ከእናቴ ጋር አልጣላም ብዬ በራሴ ስም አስመዘገብኳት። አሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የቤተሰብ ስም አለን፤ እኔና ወንዱ ልጅ አሊ፣ እናታቸው በአባቷ፣ ትንሿ በእኔ። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ከትምህርት ቤቱ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሁለቱ ልጆች በአንድ አድራሻ የሚኖሩ መሆናቸውንና ሁለቱንም መውሰድ የምችለው በምን ሥልጣን እንደሆነ እንዳስረዳ ይጠይቃል። የልደት ሰርተፊኬታቸውን ኮፒ አድርጌ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ የጋብቻ ወረቀታችንንም ጨምራበታለች፤ ባለፈው ዓመት እርሷንም ጠይቀዋታል።