ውርጭ፣ በረዶ፣ ውርጅብኝ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ያደረ ሌሊት ጠዋቱን ሣሩን አንጥቶ ይተወዋል። ይህ ውርጭ ነው። ከላይ የወረደ ነገር የለም፤ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ አድሮ በሣሩ ላይ ያለው እርጥበት ረግቶ ነው። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርዳል፤ የረባዳው ባቄላ ጠቁሮ ሲያድር የተዳፋቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ገብስን ክፉኛ የሚጎዳው ሲያብብና ሲያሸት ካገኘው ነው። አገዳው እንደለመለመ ዛላው ይነጣል፤ በጣት ሲፈለፍሉት ገለባ ብቻ ነው።

በረዶ ሌላ ነው። ነጎድጓድ ይዞ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የገብሱን አንገት ይሰብራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ከጣሪያው ጠብታ ስር ከተከመረው አንዱን ትልቅ እንክብል አንሥታችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ አንጠልጥሎ ይዞት ውሃ በላዩ እየደረበ ሲረጋ የተሠራ ነው።

ሦስተኛው፣ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው፣ አመዳይ ነው። እዚህ አብዛኛው ሰው ከትንቢተ ኢሳይያስ እንጂ ከደጁ አያውቀውም።

እንግሊዝኛው ብሊዛርድ የሚለውን በአማርኛ ለማስቀመጥ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት ብሊዛርድ ለማለት ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ በሚበተነው አመዳይ የተነሣ ዓይን ከ400 ሜትር በታች ብቻ እንዲያይ፣ ይህም ቢያንስ 3 ሰዓት እንዲቆይ ይጠይቃል። አዲስ አመዳይ መውረዱ ግዴታ አይደለም፤ ቀድሞ መሬት ላይ የተኛውን ነፋሱ ካነሣው ይበቃል። ስለዚህ «ከባድ በረዶ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። የመንዝ ገበሬ ያንን ሲሰማ የሚታየው ጣሪያ የሚደበድበው ጠጠር ነው፤ ነፋሱም ከትርጉሙ ወጥቶ ይቀራል። «የበረዶ ውሽንፍር» ይሻላል። ውሽንፍር ነፋስ የሚያንገላታው፣ በጎን እየገባ በር የሚያልፍ ዝናብ ስለሆነ ዋናው ነገር ቃሉ ውስጥ አለ። የመጋቢት 1888 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኒውዮርክ ውሽንፍር ከ400 በላይ ሰው ገድሏል፤ ይህን የሚያህል ነገር በደፈናው «በረዶ» ማለት ያሳንሰዋል።

የቃሉ መንገድ ደግሞ የሚገርም ነው። ብሊዛርድ በአሜሪካ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ኃይለኛ ምት፣ የጠመንጃ ተኩስ ማለት ነበር። የአየር ጠባይ ስም ሆኖ የታወቀው በ1870 የአዮዋ ግዛት ጋዜጣ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው። ከጥይት ወደ ሰማይ ሄደ ማለት ነው። በእኛ ግን ሰማዩ ይቀድማል፤ «ጥይቱ እንደ በረዶ ዘነበ» እንላለን።

እንግሊዝኛው ለጥያቄም ለወረቀትም ለማስታወቂያም ብዛት ያንኑ ብሊዛርድ በምሳሌነት ሲጠቀም አማርኛ ይለያል። የሚያቆስል ከሆነ ውርጅብኝ ነው፤ የስድብ ውርጅብኝ፣ የጥያቄ ውርጅብኝ። ወረደ የሚለው ግስ ውስጡ ይሰማል፤ ሰውየው ከታች ቆሞ የሚቀበል ነው። ክብደቱ ከበለጠ ናዳ ይሆናል፣ የስድብ ናዳ። ብዛቱና ጥድፊያው ብቻ ከሆነ ጋጋታ ይበቃል፣ የማስታወቂያ ጋጋታ። «የጥያቄ የበረዶ ውሽንፍር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብርዱን አምጥቶ ትርጉሙን አጥቷል። የተዋረደ ሰው ደግሞ በረዶ አይወርድበትም፤ ውርጭ እንደመታው ቅጠል ኩምትር ይላል፣ ምክንያቱም ውርጭ ድምፅ የለውም።

መልካም ነገር ሲበዛ ግን ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ምስጋና ይጎርፋል።