ታኮ

ዛሬ የአባባ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋ፣ ሄደች። ሄደች ስል በእግሯ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በጋዝ ሲቆርጧት ሰንብተው ጠዋት ላይ ቁርጥራጯን አይሱዙ ላይ ጫኗት። አዘዞ ያለው ግቢያችን እስካሁን የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። ጎረቤታችን ልብስ ማስጣት አቃተኝ ብላ ሁለት ጊዜ መጥታ ተቆጥታለች። አባባ ምንም አልተናገሩም። ዱካቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩ።

እኔ ደግሞ አሁን፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ስልኬን ከፍቼ የማየው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዩክሬኗን አውሮፕላን። ያቺን ባለ ስድስት ሞተር አንቶኖቭ 225። ሰው ቢያየኝ ምን አገናኛቸው ይለኛል። ያገናኟቸው አባባ ናቸው።

አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሾፌር ነበሩ። ፊያት 682 ኤንትሬ ከነተሳቢዋ። ከሁመራና ከመተማ ሰሊጥ፣ ወደ ላይ ደግሞ በዳባት በደባርቅ አድርገው ሊማሊሞን መውረድ። ያንን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣሊያን የቀደደው መንገድ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው በኩል ሰማይ፣ ረዳቱ ታኮ ታቅፎ ከኋላ እየሮጠ፣ መኪናዋ ፍሬን ሲያንሳት ዘሎ ጎማው ሥር የሚወሽቅበት። ግንባሯ ላይ «አይዞሽ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ለማን እንደተጻፈ፣ ለመኪናዋ ይሁን ለእናቴ፣ ጠይቄ መልስ አግኝቼ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ካምቢዮዋ ተሰበረና ግቢ ገባች። ለጊዜው ነው ተባለ። መጀመሪያ ባትሪዋ ሄደ። ቀጥሎ አንድ የድሮ ጓደኛቸው መጥቶ ሞተሪኖዋን ተዋሰ፣ አልመለሰም። ዲናሞዋ፣ ፖምፓዋ፣ በመጨረሻ ሁለት ቸርኬ። አባባ ሲናገሩ «መኪና ከቆመ አለቀለት፣ መጋዘን ይሆናል» ይላሉ። ሰው ሁሉ ከእሷ እየነቀለ የራሱን ያስነሳል ማለታቸው ነው። ብረት ነጋዴዎች ግን በመጡ ቁጥር አይሸጡም ነበር። በራሳቸው አባባል አያምኑም ነበር መሰለኝ።

አውሮፕላኗን የተዋወቋት በኮሮና ጊዜ ነው። ሚያዝያ 2012፣ ሁላችንም ቤት ተከተን። ከቻይና የሕክምና ዕቃ ጭና ዋርሶ ስታርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ ቆይተው የጠየቁት ስለ ክንፏ አይደለም፣ ስለ ሞተሯም አይደለም።

«ጎማዋ ስንት ነው?»

«32።»

«ዝም ብለህ ነው ወይስ ቆጥረህ?»

ቆጠርን። ፊት 4፣ ከሆዷ ሥር 28። ሲጭኗት ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይከፈትና የፊት እግሯን አጥፋ ዝቅ ትላለች። ይህን ሲያዩ በጣም ሳቁ። «እንደ ግመል!» አሉ። መተማና ሁመራ ግመል ተንበርክኮ ሲጫን ስንት ጊዜ አይተዋል።

«ስሟ ማን ነው?»

«ምሪያ።»

«ምሪት?»

«ምሪያ፣ አባባ። በዩክሬንኛ ህልም ማለት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ለጭነት መኪና እንዲህ ያለ ስም አይወጣም አሉ። «አይዞሽ» የምትባል መኪና የነበራቸው ሰው!

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየፈለግሁ እነግራቸው ጀመር። (ስለ እሷ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የእኛን በእኛ።) የተሠራችው ሶቪየቶች ቡራን የምትባል የጠፈር መንኮራኩር ስለነበረቻቸው ነው፤ እሷን በጀርባዋ አዝላ እንድታመላልስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 ነው። ጭራዋ እንደ ሌሎቹ አንድ አይደለም፣ ዳርና ዳር ሁለት ነው፣ ምክንያቱም ጀርባዋ ላይ የታዘለው ነገር አየሩን ስለሚያተራምሰው መሀል ያለ ጭራ በደንብ አይሠራም። አባባ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ፖርቶመጋላ ላይ ከልክ በላይ የጫነ መኪና ነፋስ ሲመታው ኋላው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

ቡራን ግን ወደ ጠፈር የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ሰው ሳይኖርባት፣ በኅዳር 1988። ምሪያ ገና ሳትበር በፊት ማለት ነው! ከሦስት ዓመት በኋላ ሶቪየት ራሷ ፈረሰች። የሚታዘል ነገር ጠፋ። በ1994 ሆስቶሜል፣ ከኪየቭ አጠገብ ያለ ኤርፖርት፣ አቆሟት። ስድስቱንም ሞተሮቿን ነቅለው ለታላቅ እህቷ ለአንቶኖቭ 124 አደረጓቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባባ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አላልኩህም? መጋዘን!»

«ቆይ፣ አላለቀም።»

እና ይህ ነው እሳቸውን የያዛቸው። ሰባት ዓመት ያለ ሞተር ከቆመች በኋላ ተነሳች። ዓለም ላይ የሚጓጓዘው ዕቃ እየገዘፈ ሲሄድ፣ ጀነሬተሩም ተርባይኑም ለአንቶኖቭ 124 እንኳ እምቢ ሲል፣ ያቺ የቆመችው ትዝ አለቻቸው። ሞተር ገጠሙላት፣ አደሷት፣ በግንቦት 2001 እንደገና በረረች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አራት ታንክ በአንድ ጊዜ አንስታ ከ253 ቶን በላይ ይዛ ወጣች። በ2009 ደግሞ ወደ 190 ቶን የሚመዝን አንድ ወጥ ጀነሬተር ከጀርመን አርሜኒያ አደረሰች። በሚቀጥለው ዓመት ከ42 ሜትር በላይ ርዝመት ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎች ከቻይና ዴንማርክ። ስትነሳ ከነነዳጇ እስከ 640 ቶን ትመዝን ነበር።

አባባ በኩንታል ካልሆነ አይገባቸውም። 250 ቶን ስል 2,500 ኩንታል ብለው ወዲያው ለወጡት። በደህና ቀን፣ ከነተሳቢዋ፣ የእሳቸዋ ኤንትሬ 200 ኩንታል ትጭናለች። አሥራ ሁለት ኤንትሬ ተኩል አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሌላ ሂሳብ መጣባቸው። «ሴባስቶፖል ስንት ቶን ነው?»

ወደ 7 ቶን። መይሳው ካሳ ጋፋት ላይ አስቀልጠው ያሠሩት መድፍ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቀደደ፣ በስንት ወር መቅደላ የወጣው። ምሪያ 35ቱን በአንድ ጊዜ ትይዘው ነበር። ሴባስቶፖል ስሙን ያገኘው ደግሞ ከክሪሚያዋ ከተማ ነው፣ ዛሬ ከሚጣሉበት አገር። ጉድ እኮ ነው። እኛ ቤት ላይ ዝቅ ብለው የሚያልፉት አውሮፕላኖች የሚያርፉትም በአፄ ቴዎድሮስ ስም በተሰየመው ኤርፖርት ነው። አባባ ያን ሰሞን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብለው «ይቺ ስንት ጎማ አላት?» ይሉኝ ነበር። ለትንሿ አውሮፕላን ለኪው 400 ያላቸው ንቀት!

ከዚያ ወዲህ ብረት ነጋዴ ሲመጣ መልሳቸው አንድ ሆነ። «ሰባት ዓመት ቆማ የተነሳች አለች።» ሰውየው ግራ ገብቶት ይሄዳል።

የካቲት 2014 ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሆስቶሜል የሚለውን ስም ከዜናው ቀድመው የያዙት እሳቸው ናቸው። የካቲት 17 የሩሲያ ወታደሮች በሄሊኮፕተር እዚያ ኤርፖርት ላይ ወረዱ። እኛ ኤርፖርት ሲመታ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ኅዳር 2013 የጎንደሩ በሮኬት የተመታ ምሽት የቤታችን መስኮት ተንቀጥቅጧል፣ አባባም ያኔ ደንግጠው የጠየቁኝ «የቆመ አውሮፕላን ነበር?» ብለው ነው። አሁንም ያንኑ ጠየቁ። ነበረች። ጥር መጨረሻ ላይ ከቻይና ዴንማርክ የኮሮና መመርመሪያ አድርሳ ተመልሳ ጥገና ገብታ ነበር። ከሞተሮቿ አንዱ ወርዷል። ያለ እሱ መነሳት አትችልም።

ከሦስት ቀን በኋላ የዩክሬን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መውደሟን ተናገሩ። ፎቶዋ በደንብ የታየው ግን ሩሲያዎቹ ለቀው ከወጡ በኋላ ነው። ሃንጋሩ ጣሪያ ሥር፣ አፍንጫዋ ተቃጥሎ አልቆ፣ መሀሏ ተሰብሮ። ለአባባ ላሳይ አላሳይ ብዬ ቆየሁና አሳየኋቸው። ስልኩን ይዘው ወደ ብርሃን ወጡ። በጣታቸው ምስሉን አጎሉት፣ ማጉላት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

«ጎማዎቿ አሉ» አሉ።

እውነት ነው። ሆዷ ሥር ያሉት በከፊል ይታዩ ነበር።

እኔ ስለዚህ ነገር ሳስብ የሚቆጨኝ ቦታው ነው። ያን ያህል አገር ዞራ፣ ያን ያህል ጭነት ተሸክማ፣ አየር ላይ አንድ ነገር ሳትሆን፣ ቤቷ ገብታ፣ ሞተሯ ወርዶ፣ እንደ ኤንትሬዋ ቆማ እያለች። ሰባት ዓመት የቆመችበትም ያው ሆስቶሜል ነበር። ያኔ ከዚያው ተነሳች። አሁን ጊዜ አልሰጧትም።

ኤንትሬዋን ለምን አሁን እንደሸጧት አልጠየቅኋቸውም። በምሪያ ምክንያት ነው ብዬ ብጽፍ ቆንጆ ታሪክ ይሆን ነበር፣ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ መቀየር ነበረበት፣ ክረምቱም ደርሷል። ነጋዴው በኪሎ ነው የሚገዛው። ሲመዝን አባባ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ አስደገሙት፣ ሰው ሲያታልል በዓይናቸው ያውቃሉ።

ማታ ራት በልተን ሳበቃ ድንገት «ሁለተኛይቱስ?» አሉኝ።

ኪየቭ ውስጥ ተጀምራ ያላለቀች ሁለተኛ የምሪያ አካል አለች። በሶቪየት ጊዜ ተጀምራ እንዲሁ የቀረች። ከተቃጠለችው የተረፈውን ወደ እሷ አዙረን እንሠራታለን ብለዋል፣ በጣም ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ይህን ነገርኳቸው።

«ሞተር አገኙላት?»

«እየተባለ ነው አባባ።»

«እየተባለ» አሉና ባትሪያቸውን ይዘው ወጡ። ተከተልኳቸው። ኤንትሬዋ የቆመችበት ቦታ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፣ ሣር አልበቀለበትም። አራቱ ታኮዎች እዚያው ነበሩ፣ ከወይራ የተጠረቡ፣ የሊማሊሞዎቹ። ነጋዴው እንጨት ስለሆኑ ትቷቸዋል። ሦስቱን አንስተው ወደ ማድቤት ሰጡኝ። አራተኛውን ራሳቸው ይዘው ሄደው የግቢው በር ነፋስ እንዳይመታው ሥሩ ወሸቁት፣ በእግራቸውም ጠበቅ አደረጉት።