ያልተበላው ዚንክ

ጋሼ የዘጌ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ በሞተር ክፍል ሠርተዋል፤ ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ እስክትገባ እዚያው ነበሩ። ኋላ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ጥገና ተቀጠሩ።

አንድ የብረት ጀልባ ሲያድሱ ምጽዋ እንደለመዱት ከሆዱ በታች የዚንክ ቁራጭ አሰሩለት። የነሐስ ፕሮፔለርና የብረት ላሜራ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ተበዪው ላሜራው ነው። ዚንክ ካለ ግን በላሜራው ፈንታ እሱ ይበላል፤ ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል። በጦርነት ጊዜ መርከብ መቼ ከውሃ ወጥቶ እንደሚጠገን አይታወቅምና፣ ሞተረኛ ዚንክን እንደ ስንቅ ነው የሚቆጥረው።

በዓመቱ ጀልባው ተስቦ ወጣ። ሆዱን የሚያጥበው ልጅ ደስ ብሎት፣ "ጋሼ፣ ዚንኩ እኮ እንዳለ ነው! ዘንድሮ ወጪ የለብንም" አላቸው።

"እሱን ተወው። ፕሮፔለሩ አጠገብ ፋቅ አድርግ።"

ቀለሙ ሲነሳ ላሜራው ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳስቷል። በመዶሻ ሲነካ ድምፁ የቆርቆሮ ሆኗል።

ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል። ጣና ጨው አልባ ነው፤ ዚንክ እዚህ ነጭ ቅርፊት ይለብስና ሥራውን ያቆማል። ለእንዲህ ያለ ውሃ የሚሆነው ጉልበቱ የሚበልጠው ማግኒዢየም ነው። እሱን ምጽዋ ወስደው ቢያስሩት ደግሞ በጥቂት ወራት እልም ይላል፤ ለዚህም ነው ጋሼ እዚያ ያላዩት።

የተበሳው ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ተበየደ። ማግኒዢየሙ የሚያርፍበት ቦታ በብረት ብሩሽ እስኪያበራ ተፋቀ፤ በመሐሉ ቀለም ከቀረ አይሠራም። በመለኪያ ሲታይ በማግኒዢየሙና በላሜራው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት (ሬዚስታንስ) ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ቀለም ቀቢው ጀልባውን ሲያሳምር እሱንም እንዳይደርብበት በወረቀት ሸፈኑት። (ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ የተቀባ ማግኒዢየም ድንጋይ ማለት ነው።)

በሦስት ወሩ ልጁ ጠልቆ አየና ደንግጦ ወጣ። "ጋሼ፣ ዳር ዳሩ ተቦርቡሮአል!"

ጋሼ ሳቁ፤ ሌላ እንዲታዘዝም አዘዙ።